ቄጠማና ድንቢጥ የመሰከሩበት ረግረግ

ቄጠማን ከድንቢጥ ጋር አነጻጽሬ በሹም ፊት የተከራከርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ክርክር ሌላ ሰው ገጥሞት እንደሆነ አላውቅም፤ ገጥሞትም ከሆነ አያወራውም። እኔም ለብዙ ዘመን አላወራሁትም። በዚያን ቀን ግን ኮርቼ ነበር። ከሮቤ እስከ ጎባ እንደ እኔ አፉ የተባ ሰው የለም እያልኩ ነበር ቤቴ የገባሁት።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ያስተማረኝ የሮቤ ገበያ ነው። ገበያ የሚያስተምረው የመጀመሪያ ትምህርት ደግሞ ማርከስ ነው። የምትገዛውን ዕቃ ታረክሳለህ። ዶሮዋ ከስታለች፣ ቅቤው ሸቷል፣ እንቁላሉ ቆይቷል ትላለህ። ሻጩም ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ፤ ሳያረክስ የገዛ ሰው ግን እንደ ጅል ይታያል። ሁለተኛው ትምህርት መቼ ማርከስ እንደሌለብህ ማወቅ ነው። እሱን ዘግይቼ ነው የተማርኩት፤ የከፈለልኝም ሌላ ሰው ነው።

ከሮቤ ወደ ሻያ ወንዝ ሲወረድ አንድ ጨፌ ነበር፤ ውሃ ያቆረ፣ ቄጠማ የለበሰ ረግረግ። ባለቤቱ አንድ የአገሬው ሽማግሌ ናቸው፤ ከአያታቸው ጀምሮ የተያዘ መሬት ነው። የጨፌው ዳር ከፍ ይልና ጥቁር አፈር ይሆናል፤ እዚያ ገብስ ይዘራሉ። በበጋ ሜዳው ሁሉ እንደ አሮጌ ሰሌን ሲነጣ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ያ ጨፌ ብቻ ነው። ከብቶቻቸው በጋውን የሚሻገሩት በእሱ ነው፤ ቤተሰቡ ደግሞ በከብቶቹ። ጨፌው ከሌለ ከብት የለም፣ ከብት ከሌለ ቤት የለም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተወሳሰበ የለውም።

እኔን ከእነሱ ጋር ያወዳጀኝ እንቁላል ነው። ከየገጠሩ እሰበስብና በአህያ ጭኜ ጎባ አደርሳለሁ። መንገዱ ድንጋይ፣ አህያዬ ደግሞ ድንጋይ መርጣ የምትረግጥ ነበረች። ቅርጫቱን በገለባ እጎዘጉዛለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ጎባ ስገባ ከቅርጫቱ ሥር አስኳል ይንጠባጠባል። አንድ ቀን የሽማግሌው ሚስት ገበያ ላይ ቆመው ቅርጫቴን አዩና፣

“አንተ ነጋዴ፣ የምትሸጠው እንቁላል ነው ወይስ ሾርባ?” አሉኝ።

“እናቴ፣ ገለባው እኮ አልይዝ አለኝ።”

“ገለባ ይንሸራተታል። ቄጠማ ነው የሚይዘው፤ ያውም እርጥቡ። ና፣ እቤት ሞልቷል።”

በሚቀጥለው ሳምንት ሄድኩ። እሳቸው ቄጠማውን እያጠፉ አንድ ረድፍ ያነጥፋሉ፣ አንድ ረድፍ እንቁላል፣ እንደገና ቄጠማ። ጎባ ስደርስ የተሰበረው ሁለት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጨፌው እወርዳለሁ፤ ለእሳቸው ጨው እወስዳለሁ፣ ለእኔ ቄጠማ እቆርጣለሁ። ሽማግሌው ከዳር ተቀምጠው ያዩኛል።

“አካም፣ ነጋዴው? ዛሬም ሣሬን ልትሰርቅ መጣህ?”

“አልሰረቅኩም አባቴ፣ በጨው ለውጫለሁ።”

“ወላሂ ከብቶቼም እንዲህ ጨው እየከፈሉ ቢበሉልኝ!”

እንዲህ እያልን ነው ዓመታት ያለፉት።

ቄጠማን በዚያን ጊዜ አጠናሁት ማለት እችላለሁ። በሁለት ጣት መሃል ስታሽከረክረው ሦስት ጠርዝ አለው፤ ሣር እንደዚያ አይደለም። ከላይ ብታጭደው አይቆጣም፣ በወሩ ተመልሶ ይበቅላል። ሥሩን ነቅለህ እርጥብ መሬት ላይ ብትተክለው ያለ ምንም ጥያቄ ይጸድቃል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ውሃ። ውሃ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። የአገሬው ሰው ጉድጓድ ሊቆፍር ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው ቄጠማ የት እንዳለ ነው፤ እንደ ታማኝ ሰው ይታመናል።

ከቄጠማው ላይ ደግሞ ወፍ አትጠፋም። እኛ የከተማ ሰዎች ትንሽ ወፍ ሁሉ ድንቢጥ ነው የምንላት፤ ሽማግሌው ደግሞ በኦሮምኛ ስምቢራ ይሏታል፣ እሱም ወፍ ማለት ነው። በክረምት ከቄጠማው ጫፍ ላይ የምትሰፍረው ጥቁር ናት፤ ትከሻዋና ጀርባዋ ላይ ቢጫ አለባት። አዲስ እንደ ተሾመ ምክትል ሹም ላባዋን ነፍታ ትቀመጣለች። ቄጠማው ጎንበስ ይልላታል፣ አይሰበርም። ዜማዋ ዜማ ለማለት ይከብዳል፤ ዝገት የያዘ መቀስ ነው የሚመስለው። በበጋ ደግሞ ይህቺ ወፍ ትጠፋለች። በምትኳ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ድንቢጥ በመንጋ ትመጣና የገብሱን ቃርሚያ ትለቅማለች። እኔ ሁለት ዓይነት ወፎች ናቸው ብዬ አምን ነበር። አንዷ የቄጠማ፣ አንዷ የእህል። ይህን እምነቴን ያዙልኝ፤ ብዙ ጥፋት ሠርቶበታል።

አንድ ዓመት በነሐሴ ላይ ደልዳዮች ሊመጡ ነው ተባለ። ደልዳይ ማለት መሬቱን እየዞረ አይቶ ይህ ለም ነው፣ ይህ ለም ጠፍ ነው፣ ይህ ጠፍ ነው እያለ የሚያስጽፍ የመንግሥት ሰው ነው። ለም የሚታረሰው ነው፣ ግብሩ ከባድ ነው፤ ለም ጠፍ በከፊል የሚታረሰው ነው። ጠፍ ያልታረሰው ነው፣ ግብሩ እዚህ ግባ አይባልም። ይህ ሲሰማ የባሌ ባላገር ሁሉ አንድ ሐሳብ አሰበ፤ መሬቴን እንዴት ላርክሰው? ያን ሰሞን ገበያ ውስጥ ስለ መሬቱ ደግ የሚናገር ሰው አልነበረም። የኔ ድንጋይ ነው፣ የኔ ውርጭ ይበላዋል፣ የኔ ውሻ እንኳ አይተኛበትም ይባላል። ሚስቱን እንዲያ አድርጎ የሚያማ ሰው ቢኖር በሽማግሌ ይገሰጽ ነበር።

ሽማግሌው ወደ ሱቄ መጡ። ሮቤ ገበያ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ፤ በርጩማ ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም።

“አንተ የከተማ ሰው ነህ፣ አማርኛቸውን ታውቃለህ። ምን ይሻለኛል?”

“ገብሱ ደርሷል እንዴ?”

“አልደረሰም። ገና ወተት ነው።”

“እንግዲያው ያጭዱት።”

አዩኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለገበሬ መናገር ልጅህን ከጡት ንጠቀው እንደ ማለት ነው።

“ያልደረሰ ገብስ ልጨድ?”

“ለከብቶቹ ይስጡት። ቦታው ላይ ውሃ ይልቀቁበት፣ ቄጠማ እንተክልበታለን። ሲመጡ የሚያዩት ረግረግ ብቻ ይሆናል። ጠፍ ብለው ይጽፉታል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክዎን ቀላል ግብር እየከፈሉ ይኖራሉ።”

በከዘራቸው ወለሉን ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ የጠየቁትን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

“ጠፍ ነው ከተባለ አይወስዱብኝም?”

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ጎባ ጠጅ ቤት ውስጥ፣ ጠፍ መሬት ለባለውለታ ይሰጣል እየተባለ ሲወራ ሰምቼ ነበር። ሰምቻለሁ። ግን ያ የደጋ ሜዳ፣ ሰፊ የእርሻ ቦታ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ሳቅሁና እንዲህ አልኳቸው፤

“አባቴ፣ ረግረግ ማን ይፈልጋል? እንቁራሪት ሊያረባ ነው?”

እሳቸውም ሳቁ። እሺ ማለታቸው ነበር።

ገብሱን ሦስት ቀን አጨድን። እኔም ማጭድ ይዤ ወረድኩ፤ ምክሬ ነውና እጄን መደበቅ አልቻልኩም። ሚስትየዋ አላጨዱም። ከዳር ተቀምጠው ወተት የቋጠረውን ዛላ በጣታቸው እየጨመቁ አዩን። ከዚያ ሽማግሌው ከወንዙ በኩል ያለውን የአፈር ግድብ በዶማ ናዱት፤ ውሃው በቃርሚያው ላይ ተኛ። እኛም ከረግረጉ ቄጠማ ከነሥሩ እየነቀልን የገብሱ ቦታ ላይ ተከልን። በጭቃው ውስጥ ጎንበስ ቀና ስንል ቆይተን ሽማግሌው ቀና አሉና፣

“ያ ረቢ! ሰው እህል ይተክላል፤ እኛ ረሃብ እንተክላለን” አሉ።

“ሲያልፍ ያስቃል” አልኳቸው።

ቄጠማው በሁለት ሳምንት ጸደቀ። መቼም ጥያቄ አይጠይቅም ብያችኋለሁ። እዚያ ቦታ ላይ እህል ነበረ ቢባል እኔ ራሴ አላምንም ነበር።

ደልዳዮቹ በመስከረም መጨረሻ መጡ። ዋናው በበቅሎ፣ ጥላ ይዞ፤ አንድ ጸሐፊ፣ ገመድ የሚጎትቱ ሁለት ሰዎች። ሽማግሌው በግ አርደው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ቆመ፤ ማን መሬቱን እንዴት እንደሚያረክስ ማየት እንደ ጉግስ ነበር የሚታየው። ደልዳዩ ደንቆሮ አልነበረም። በጨፌው ዳር በእግሩ ሄደ፣ በዘንጉ ጭቃውን ወጋ ወጋ አደረገ፣ ቄጠማውን አየ። ከዚያ ቆመና ቀና አለ።

ቄጠማ በተከልንበት ቦታ ላይ ወፎች ሞልተዋል። ጥቁርና ቢጫዎቹ፣ አንዳንዶቹም ጥቁሩ እየሳሳ የመጣ፣ ወደ መሬቱ ወረድ፣ ወደ ቄጠማው ወጣ ይላሉ። እውነቱ፣ ስናጭድ የረገፈው ገብስ ከውሃው በላይ በቀሩት ጉብታዎች ላይ ነበረ። እኛ አላየነውም፤ እነሱ አይተውታል።

“ይህ ሁሉ ድንቢጥ እዚህ ምን ይሠራል?” አለ ደልዳዩ። “ድንቢጥ እህል በሌለበት አትሰፍርም። እዚህ ቦታ ታርሷል።”

ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ።  እኔ የከተማ ምስክር ሆኜ ነበር የቆምኩት። አፌ ቀደመኝ።

“ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝ። ሁለት ምስክሮች ከፊትዎ ቆመዋል፤ አንዱ ቄጠማ፣ አንዷ ድንቢጥ። ቄጠማ ሥር አለው፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ አይልም። ውሃ ካለ ብቻ ይበቅላል፤ ዋሽቶ አያውቅም። ድንቢጥ ደግሞ ክንፍ አላት። ዛሬ ያንተ ጣራ ላይ፣ ነገ የኔ ማሳ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ጎባ። አድራሻ የሌለው ምስክር በየትኛው ችሎት ይታመናል?”

ሰው ሳቀ። ደልዳዩም ከንፈሩ ዳር ፈገግ አለ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር፤ ሳቅ ግን ለነጋዴ እንደ ጠጅ ነው።

“ደግሞ ልብ ብለው ይዩአት። እህል የምትበላዋ ድንቢጥ ቡናማ ናት። ይህቺ ጥቁርና ቢጫ ናት። ይህቺ የቄጠማ ወፍ ናት፤ ጎጆዋን በቄጠማ ትሠራለች፣ በቄጠማ ትኖራለች። እንዲያውም እሷ ራሷ መሬቱ ጠፍ ለመሆኑ ማስረጃ ናት!”

ደልዳዩ ወፎቹን ለትንሽ ጊዜ አየ። ከዚያ ጸሐፊውን ጠራ።

“ጻፍ። ጠፍ።”

ጸሐፊው ቃሌን ጻፈ። እኔ ምዬ ፈረምኩ፣ ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አተሙ። በጉ ተበላ።

ሲመሽ አካባቢ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ሁለታችንም ስቀን ስቀን ደክሞን ነበር። እኔ ደልዳዩን እያስመሰልኩ፣ “ጻፍ፣ ጠፍ” ስል እሳቸው በከዘራቸው ይደገፋሉ። ከዚያ ቆም አሉና፣

“ግን ልጄ፣ ወፏ እኮ አንድ ናት” አሉኝ።

“እንዴት አንድ?”

“በክረምት ወንዱ ጥቁር ይለብሳል፣ ያገባል፣ ጎጆ ይሠራል። በጋ ሲመጣ ልብሱን ያወልቅና ቡናማ ሆኖ ገብሴን ይበላል። ያችው ናት። ከልጅነቴ ጀምሬ አያታለሁ።”

“ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?”

“አንተ እንዲያ አምረህ ስትናገር?”

እንደገና ሳቅን። ሳስበው፣ ቄጠማው ዋሽቶልን ነበር፤ ነቅለን ወስደን አስዋሸነው። ያቺ ወፍ ብቻ ናት በዚያ መስክ ላይ እውነቱን የተናገረች። እኔ ደግሞ እሷን በሳቅ ከችሎት አስወጣኋት።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ማንኛውም ክፉ ነገር በቀስታ መጣ። ጥር ላይ ሁለት ሰዎች መጥተው በጨፌው ዙሪያ ችካል ተከሉ። ሽማግሌው ልኬታው እንደገና ነው ብለው ውሃ አጠጧቸው። በየካቲት አንድ ጡረታ የወጣ መኮንን በበቅሎ መጣ፤ ወረቀት ነበረው። ጠፍ የመንግሥት መሬት በስጦታ የተሰጠው ባለውለታ ነው። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሽማግሌውን ሰላምታ ሰጥቷል፤ ባለ ወረቀት ሰው ክፉ መሆን አያስፈልገውም። የቀን ሠራተኞች አመጣና ከጨፌው እስከ ሻያ ድረስ ቦይ አስቆፈረ። ረግረግ ማን ይፈልጋል ብዬ ነበር። ውሃውን አስወጥቶ ስንዴ የሚዘራ ሰው ይፈልጋል። ይህን ያህል አርቄ አላሰብኩም፤ ብልጥ ሰው እስከ አፍንጫው ነው የሚያየው።

ውሃው በሦስት ሳምንት ሄደ። ቄጠማው አልወደቀም፤ እንደቆመ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ነጣ፣ ከዚያ ነፋስ ሲመጣ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሽ ጀመር። ከሥሩ ያለው ጭቃ እጅ እስኪገባበት ተሰነጠቀ። ከብቶቹ ልማዳቸው ስለሆነ በየማለዳው ይወርዳሉ፤ መኮንኑ ያቆመው ዘበኛ ይመልሳቸዋል። የበጋው ግማሽ ገና ይቀር ነበር። አንዲት ላም ቦዩ ውስጥ ወድቃ ሞተች። የከሱትን ላሞች ጎድን ከሩቅ መቁጠር ይቻል ነበር።

ወፎቹ ግን አልሄዱም። ክንፍ አላት፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነች ብዬ አልመሰከርኩም? የመጀመሪያው ዝናብ ሲያካፋ ወንዶቹ ጥቁር መልበስ ጀመሩ። በደረቀው ቄጠማ ላይ ጎጆ ሠሩ። ውሃ የለም፣ አረንጓዴ የለም፤ ቦታው ግን ያ ነው። እኔ ክንፍ ያለው ሁሉ ይሄዳል ብዬ አስብ ነበር። የማይሄድም አለ።

መኮንኑ ከማረሱ በፊት ቄጠማውን በእሳት አስለቀቀው። የገበያ ቀን ነበር። ጭሱ ሮቤ ድረስ መጣ፤ ከጭሱ ጋር ሌላ ሽታ ነበረ። አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አፍንጫዋን ይዛ፣

“ማን ነው በዚህ ጠዋት ዶሮ የሚለበልበው?” አለች።

እንቁላሌን መቁጠር ቀጠልኩ። የላባ ሽታ መሆኑን አውቄያለሁ።

በማግስቱ ሽማግሌው ወደ ሱቄ መጡ። ይህን ጊዜ ተቀመጡ።

“ቦታው አሁን ባዶ ነው” አሉ። “አመድ ብቻ። አመዱ ሲነሳ ከሥሩ የኔ ትልም ይታያል። አንተ መጥተህ እይው። የአያቴ ትልም ነው፣ በቄጠማ ሸፈንነው እንጂ አልጠፋም። ጎባ ሄደህ የመሬቱን መዝገብ ለያዘው ሹም ንገረው። ታርሶ ነበር፣ እኛ ነን ያጨድነው በል። አንተ ያልከውን አንተ ብቻ ነህ የምትመልሰው።”

“እሄዳለሁ” አልኳቸው። ማለቴም ነበር። ያን ጊዜ በእውነት ማለቴ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት አብረን ወጣን። ሦስት ሰዓት ያህል ሄድን። እኔ በልቤ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ገብስ እንደነበረ፣ ምክሩ የእኔ እንደነበረ፣ ሽማግሌው የእኔን አፍ አምነው እንደሠሩት። ጥሩ አድርጌ አዘጋጅቼው ነበር። እስከ ዛሬ በቃሌ አለ።

ጎባ የመሬት ቢሮው ውስጥ አንድ ወፍራም፣ መነጽር ያደረገ ሹም ነበር። መዝገቡን አስመጣ፣ ገለጠ፣ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ።

“ይኸውልህ፣ ‘አድራሻ የሌለው ምስክር በየትኛው ችሎት ይታመናል?’ አንተ ነህ ይህን ያልከው?”

“እኔ ነኝ ጌታዬ።”

“‘እንዲያውም እሷ ራሷ መሬቱ ጠፍ ለመሆኑ ማስረጃ ናት።’ ኧረ ድንቅ ነው!” ጎን ያለውን ጸሐፊ ጠርቶ አነበበለት። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ያልሳቀ ሽማግሌው ብቻ ነበሩ።

ሹሙ መነጽሩን አወለቀና ጠረገ።

“ታዲያ ዛሬ ምን ልትነግረን መጣህ?”

“ጌታዬ፣ ስለዚያ መሬት ነው።”

“ፊርማው ያንተ ነው?”

“የእኔ ነው።”

“በመሐላ ነው የመሰከርከው። በሐሰት የመሰከረ ሰው የት እንደሚያድር ታውቃለህ?” ሲናገር ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እንደ ወንድም ነበር የነገረኝ፤ እንዳልጠፋ አዝኖልኝ። “አሁን በደንብ አስበህ ተናገር። ያን ቀን ያልከው እውነት ነው ወይስ ሐሰት?”

የጸሐፊው ብዕር ከወረቀቱ በላይ ቆሞ ነበር። ሱቄ ትዝ አለኝ፣ አህያዬ ትዝ አለችኝ፣ እስር ቤቱ ከቢሮው ጀርባ መሆኑም ትዝ አለኝ፤ ስንገባ የታሳሪ ስንቅ የያዙ ሴቶች በአጥሩ ሥር ተቀምጠው አይቻለሁ።

“ያን ቀን በዓይኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት” አልኩ።

እንዲህ ያለ እውነት ነጋዴ ብቻ ነው የሚያውቀው። በዚያን ቀን ያየሁት ቄጠማ ነው፤ የተከልኩት እኔ መሆኔን አልተጠየቅኩም።

ከጎኔ ሽማግሌው ተናገሩ። ሲጨንቃቸው በቋንቋቸው ነው የሚናገሩት። “ገርቡ ሳን ኢቲ ሂሚ” አሉኝ፤ ያን ገብስ ንገረው ማለት ነው። “ገርቡ ሳን ኢቲ ሂሚ፣ ያ ኢልማ ኮ።” ልጄ ሆይ፣ ንገረው።

“ምንድን ነው የሚለው?” አለኝ ሹሙ።

ሁለቱም እኔን ያያሉ። አንዱ መልስ ይጠብቃል፣ አንዱ እንድናገር ይጠብቃል። አስተርጓሚውም ምስክሩም እኔው ነኝ።

“ጌታዬ” አልኩ፣ “በዕድሜው የተነሳ እንዲታዘንለት እየለመነ ነው።”

“ለልመና እዚህ አይደለም የሚመጣው” አለ ሹሙ፣ መዝገቡንም ዘጋው።

ሽማግሌው አማርኛ በደንብ እንደሚሰሙ ረስቼ አይደለም። ከእኔ ጋር ስንት ዓመት ያወሩት በአማርኛ ነው። እያወቅሁ ነው ያልኩት፤ እየሰሙኝ ነው ያልኩት። በአማርኛ ቀና ብለው ለሹሙ መናገር ይችሉ ነበር፤ አልተናገሩም። ምናልባት አንድ ጊዜ አፉን ያመኑትን ሰው በሌላ ሰው ፊት ውሸታም ማለት ነውር ሆኖባቸው ይሆናል። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እጮህ ነበር።

ወጣን። ደጁ ላይ ቆሙና በጠራ አማርኛ፣

“ተመልሰህ ግባ” አሉኝ።

“ቢሮው ለምሳ ተዘጋ አባቴ።”

በሩ ከጀርባዬ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የጽሕፈት መኪናው ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ሽማግሌው በትከሻዬ ላይ አሻግረው በሩን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

“እሺ” አሉ። “ተዘግቷል።”

እንደ እኔ ደግመው አሉት፤ ከውሸቱ ጋር ብቻዬን እንዳልቀር የረዱኝ ይመስል። ከዘራቸውን አነሱና ወደ ሮቤ መንገድ ጀመሩ። ልከተላቸው አልቻልኩም። ክረምቱ ሳይገባ የቀሩትን ከብቶች ይዘው የሳነቲን ከፍታ ብርድ ተሻግረው ወደ ሃረና ጫካ ወረዱ፤ ሚስትየዋ ከመሄዳቸው በፊት እንኳ ገበያ አልመጡም። ደጋ የለመደ ከብት እዚያ ቆላ እንደማይከርም ማንም ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ስለ እነሱ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የዚያን ቀን ግን ከቢሮው ፊት ለፊት ያለ ሻይ ቤት ገባሁና በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ሹሙ ምሳውን እዚያው ቢሮው አስመጥቶ በላ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ እስከ ደጁ ደረስኩ፣ ሁለት ጊዜ ሻይ እንደገና አዘዝኩ። ቢሮው የተዘጋው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ዘበኛው ቁልፉን ሲያዞር አይቻለሁ።